ባቢከር ያላየው ግማሽ

አሶሳ ውስጥ፣ ከገበያው በታች፣ ሽመል የሚጭኑ መኪናዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ዳር የውድነሽ ሻይ ቤት አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው የተሰነጠቀ ሽመል ነው። ግድግዳውን ያቆመው ባቢከር ነው፤ ወንበሮቹንና ጠረጴዛዎቹንም የሠራ እሱ ነው። ደንበኞቹ፣ «እዚህ ቤት ባቢከር ያልሠራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ቴሌቪዥኑ፣ ሁለተኛው ውድነሽ» እያሉ ይቀልዳሉ። ውድነሽ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ቴሌቪዥኑም የእሱ ነው ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲሽ ከሚገቡት የአረብኛ ጣቢያዎች አንዱ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ በደረታቸው ስለሚሳቡና በውሃም በየብስም ስለሚኖሩ ፍጥረታት ፊልም ያሳያል። አዞ፣ ኤሊ፣ እስስት፣ አርጃኖ፣ ዘንዶ፣ እንቁራሪት በየተራ ይቀርባሉ። የፊልሙ ተናጋሪ በአረብኛ ይናገራል፤ ባቢከር ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ በቀጭን ሽመል እየጠቆመ፣ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። የበርታ ሽማግሌዎች ከተገኙ በመሃሉ በቋንቋቸው ጣል ያደርግላቸዋል። አድማጮቹ ሽመል ጫኞች፣ ማንጎ ሻጮችና ከሠፈራ መንደሮቹ በቆሎ ይዘው የመጡ ገበሬዎች ናቸው።

ባቢከር ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። የተወለደው ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች የበርታ መንደር ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ድንበር ተሻግሮ ደማዚን ገባና በሰሊጥ እርሻ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠራ። አረብኛውን የተማረው ከቀን ሠራተኞች፣ ከትራክተር ነጂዎችና ከሻይ ሻጮች ነው። አገሩ ሲመለስ ሰዉ በዝቶ፣ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ቁጥር በተሰጣቸው መንደሮች ተደልድለው አገኘ። ሰፋሪዎቹ አልጋና ወንበር ይፈልጋሉ፤ እሱም ከአጎቱ ዘንድ ሽመል መሰንጠቅ ተማረ። አማርኛውን የለመደው አልጋ ሲሸጥላቸው ነው። ፈጣንና ደፋር አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። ውድነሽን «ሻይ ቅዳ» ሲላት ዓመታት አልፈዋል፤ ያረመውም የለም፣ እሷም ቅር ብሏት አያውቅም።

ስሙ የተነሣው በአዞ ነው። አንድ ሐሙስ አንዲት አዞ ከእንቁላል የወጡ ልጆቿን በአፏ ስታፍስ ታየች። ቤቱ በሙሉ በላቻቸው ብሎ አጉረመረመ። ሀብቱ የሚባለው ሰፋሪ፣ ከወሎ በልጅነቱ የመጣና ባቢከርን ሳይነካካ ሻይ የማይጥመው ሰው፣ «አራዊት ምን ወገን አለው» አለ። ባቢከር ሽመሉን አንሥቶ፣ «ቆይ፤ ወደ ውሃ ነው የሚወስዳቸው» አለ። ጥቂት ቆይቶ አዞዋ አፏን ውሃው ውስጥ ከፈተችና ልጆቿ እየዋኙ ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ የባቢከር ቃል በገበያው ውስጥ ክብደት አገኘ። ማንጎ ሻጯ ሳሊማ እስስት ስታይ ልጆቿን አቅፋ ትሸሽ የነበረች ናት፤ ዛሬ ዛፏ ላይ ያለውን እስስት ዝንብ ይበላልኛል ብላ ትተወዋለች። በሠፈራ መንደሮቹም አርጃኖ ባየ ቁጥር ድንጋይ ያነሣ የነበረ ሰው፣ ባቢከር ምን ይላል ብሎ እጁን የሚሰበስብ ሆነ።

ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ግን ነበር። ቴሌቪዥኑ የሚናገረው የተማረ ሰው አረብኛ ነው፤ የሰሊጥ እርሻ አረብኛ አይደለም። ባቢከር ከሦስት ቃል ሁለቱ ይገባዋል። ሦስተኛውን ከምስሉ አይቶ፣ ከራሱ ዕድሜ ጨምሮ፣ በጥሩ አማርኛ ይሞላዋል። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል። ሰው ዐይኑን ተክሎ ሲጠብቀው «ይህ አልገባኝም» ማለት ግን ከአፉ አይወጣም ነበር። ወንበር አዝዞት የመጣ ሰው ፊት እግር የጎደለው ወንበር እንደማቅረብ ይቆጥረው ነበር።

በግንቦት ወር፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲያስገመግም፣ ሐሙሱ የእባብ ሆነ። ቡናማ፣ ጀርባው ላይ ነጣ ያለ ጥልፍ የመሰለ ምልክት ያለው ቀጭን እባብ በቴሌቪዥኑ ወጣና ከራሱ ጭንቅላት ሦስት እጥፍ የሚሆን የወፍ እንቁላል ዋጠ። ባቢከር ይህኛውን በደንብ ሰማ፤ እባቡ ጥርስ የለውም፤ እንቁላሉን ጉሮሮው ውስጥ ሰብሮ ፈሳሹን ይውጣል፣ ቅርፊቱን ይተፋል። ቅርፊቱ ተጨማዶ ከአፉ ሲወጣ ቤቱ ተደነቀ። ሀብቱ፣ «እኛ ሰፈርም እንቁላል የሚሰርቅ አለ፤ እሱ ግን ቅርፊቱንም አያስተርፍም» ብሎ ጎረቤቱን በክርኑ ነካው።

ከዚያ እባቡ ተጠቀለለ፤ ጎኑን ከጎኑ እያፋተገ ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት የሚንጫጫ ድምፅ አሰማ። ተናጋሪው በፍጥነት ብዙ ነገር አለ። ባቢከር ከዚያ ሁሉ የያዘው «ውሸት» የሚለውንና «ራሱን ለማዳን» የሚለውን ብቻ ነው። ሰዉ ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። ባቢከር ሽመሉን እባቡ ላይ አስነካና እንዲህ አለ፦

«ይህ ድምፅ ለማስፈራራት ብቻ ነው። ውሸት ነው። ጥርስ የለውም። ሕፃን ልጅ በእጁ ቢይዘው ምንም አያደርገውም።»

ሕፃኑን ልጅ የጨመረው ራሱ ነው።

ይህን ተናግሮ አፉን ሳይዘጋ መብራት ሄደ። ይመጣል ተብሎ ትንሽ ተጠበቀ፤ አልመጣም። ሰዉ ሊበተን ሲነሣ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ወጣት ሰው ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። ሙዳሲር ነው። አባቱ ደማዚን ላይ ከባቢከር ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ሙዳሲር ባቢከርን «አሚ» እያለ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ ምክር ሲፈልግ ይመጣል። ኩርሙክ አጠገብ ወርቅ ይቆፍራል። በዚያ ቀን አሶሳ የመጣው ለውሃ መሳቢያ ሞተራቸው ቱቦ ሊገዛ ነበር።

እባቡን እንደሚያውቀው ለሁሉም አወራ። ካላቸው ጉድጓዶች ሁሉ ጥሩው ከድንጋይ ክምር ሥር ነው፤ ከድንጋዩ ውስጥ ያው ጥልፍ ጀርባ እባብ እየወጣ፣ ያንኑ የዘይት ድምፅ እያሰማ፣ ሥራ አስፈትቷቸዋል። ሰዎች ጉድጓዱን ትተው ሄደዋል። ሙዳሲር፣ «ለካ ጥርስ የሌለው ኖሯል ሲጫወትብን የከረመው። ከእንግዲህ በእጄ እያነሣሁ ነው የምወረውረው» አለ። ሰዉ ሳቀ። ባቢከርም ደስ አለው፤ ከቴሌቪዥን የወጣ ቃሉ ለአንድ ሰው እንጀራ ሲሆን አየ። ሙዳሲር አርብ ጠዋት ቱቦውን ተሸክሞ ወደ ኩርሙክ ሄደ።

ባቢከር ያላለቀ ነገር አይወድም። ፊልሙ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚደገም ያውቃልና ሻይ ቤቱ ገና ሰው ሳይገባበት ሄዶ ብቻውን ተቀመጠ። ውድነሽ ብርጭቆ ታጥባለች። እንቁላሉ ተዋጠ፤ ቅርፊቱ ተተፋ፤ እባቡ ተጠቀለለና ተንጫጫ። ከዚያ ሐሙስ ያላየው ግማሽ ጀመረ።

ሌላ እባብ መጣ። ያው ቡናማ፣ ያው ጥልፍ ጀርባ፣ ያው መጠቅለል፣ ያው የዘይት ድምፅ። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጓቸው። ተናጋሪው አሁን ቀስ ብሎ፣ ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር ሰው ነው የሚናገረው፤ ባቢከርን አንድም ቃል አላመለጠውም። እንቁላል በሊው በሕይወት የሚኖረው እፉኝቱን በመምሰል ነው። መልኩም ውሸት፣ ድምፁም ውሸት የተባለው ለዚህ ነው። እውነተኛው ሁለተኛው ነው፤ ሰው ይገድላል። ቀጥሎ ሆስፒታል የተኛ ሰው ታየ፤ እጁ እስከ ክርኑ አብጦ ጠቁሯል።

ውድነሽ ብርጭቆዋን ይዛ ከኋላው ቆማ ነበርና፣ «ምን አለ ጋሽ ባቢከር?» ብላ ጠየቀችው።

«ምንም አላለም» አላት።

ወጥቶ ሙዳሲር ጋ ደወለ። ስልኩ አይሠራም፤ ቁፋሮው ያለበት ሸለቆ ኔትወርክ የለውም። ሰባት ጊዜ ደወለ። ከዚያ መኪና ማቆሚያው ሄደ። ዱቄትና ሽንኩርት የጫነ የታምሩ አይሱዙ ወደ ኩርሙክ ሊነሣ ነው። ባቢከር በመጀመሪያ ያሰበው በታምሩ በኩል መልእክት መላክ ነበር። እባቡን አትንካ ብሎሃል በልልኝ ቢለው ይበቃል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅ ይሆናል፣ አሶሳም ሳይሰማ ያልፍ ይሆናል። አፉን ከፍቶ ሊናገር ብሎ ተወው። ታምሩ ኩርሙክ ላይ ለሌላ ሰው ይነግረዋል፤ ያም ሰው ቁፋሮ ለሚሄድ ይነግረዋል። ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ምን እንደሚሆን ከባቢከር በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ለነዕማ ኩርሙክ ደርሶ እንደሚመጣ ነገራት። ጉልበትህን በዚያ መንገድ ልትጨርሰው ነው ብላ ጥቂት ተቆጣችና ዳቦና ውሃ ቋጠረችለት።

ታምሩ ከጎኑ አስቀመጠው። «በዚህ ዕድሜ ወርቅ ፍለጋ ነው እንዴ ጋሽዬ?» አለው። ባቢከር የሚጠይቀው ልጅ እንዳለ ብቻ ነገረው። መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው፤ መኪናው ለአንድ ሰዓት መንገድ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። ሰፋሪዎቹ የሚወዱት አንድ ተረት አለ፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል። ባቢከርም ይወደው ነበር፤ ገበያ ላይ አልጋ በዚህ ቀን አደርሳለሁ ሲል ይምልበት ነበር። አሁን መኪናው ውስጥ እየተንገጫገጨ ይህን ተረት ሲያገላብጠው አስጠላው። ሙዳሲርን እሱ ባይወልደውም የወለደው ሰው ነበር። ቃሉ እንዳለ እንዲቀር ብሎ የዚያን ሰው ልጅ ለእባብ መስጠት ይቻላል ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱ ግልጽ ስለነበር ሁለተኛ አልጠየቀም። በመንገዱ ሁሉ የተጫነው ሌላው ጥያቄ ነው፤ ደርሶ ምን ብሎ ነው የሚነግረው?

ኩርሙክ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ከተማው ከሱዳን በኩል ጦርነት ሸሽተው በመጡ ሰዎች ተጨናንቋል። ቁፋሮው በእግር ሩቅ ስለሆነ ባቢከር በግድ ዘመዱ ቤት አረፈና በማግስቱ ጠዋት በሞተር ሳይክል ተፈናጦ ሸለቆው ድረስ ሄደ።

ሙዳሲር ደህና ነበር። ባቢከር በመጀመሪያ ያየው እጆቹን ነው፤ ሁለቱም ጭቃ ቢለብሱም ሙሉ ናቸው። ሙዳሲር «አሚ ባቢከር» ብሎ እየሮጠ መጥቶ ትከሻውን ሳመው፤ አሶሳ የሚኖር ሽማግሌ ሊጠይቀው ይህን ያህል መንገድ መምጣቱ ከሰው ፊት አኮራው። ሻይ ከምትሸጠው ከኢንዓም ዘንድ አስቀምጦ ሻይ ካዘዘለት በኋላ የሠራውን ሥራ ያወራለት ጀመር። ትናንት ከድንጋዩ ሥር አንዱን እባብ በዚህ በቀኝ እጁ አንሥቶ ለሁሉም አሳይቷል። እባቡ እየተንጫጫ በእጁ ላይ ተጠመጠመ፤ ምንም አላደረገውም፤ ወንዝ ማዶ ወረወረው። ያን ያዩ ሰዎች ወደ ጉድጓዱ ተመልሰዋል፤ አሁን አሥራ አራት ሰው ይሠራበታል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌላ እባብ መጥቶ የብረት ሳፋ ደፍተውበታል። ለምሳ ሲሰበሰቡ ከባምባሲ የመጣው ገቢሳ ተራውን በእጁ ሊያነሣው ውርርድ ገብቷል። ሳፋው ከተቀመጡበት አሥር እርምጃ አይርቅም፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ተጭኗል።

ባቢከር ሻዩን ሳይነካ ሙዳሲርን ወደ ጎን ወሰደው። በቋንቋቸው፣ በዝግታ፣ ያን እባብ በመልኩ የሚመስል ሌላ እንዳለ፣ ሌላው ገዳይ እንደሆነ ነገረው። ሙዳሲር ፈገግ እያለ ሰማው።

«አሚ፣ ጥርስ የለውም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ብያለሁ።»

«እኔም ያዝኩት። አልነከሰኝም። ታዲያ የትኛውን ልመን? በጆሮዬ የሰማሁትንና በእጄ የያዝኩትን፣ ወይስ አሁን የሚሉኝን?»

ባቢከር ወደ ሳፋው ዞረ። ሙዳሲር ሽማግሌው ለእሱ ሆዱ ባብቶ እንደመጣ ገምቶ አጽናናው፤ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኛ እናሳይዎታለን አለው። ወደ ሰዎቹም ተመልሶ ሽማግሌው እባቡን እንደፈሩት ነገራቸው። ገቢሳ ከጉድጓዱ ወጥቶ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ አባባ ደግሞ በቴሌቪዥን ያዩትን ፈሩ» አለ። ሁሉም ሳቁ። ምሳው ሊደርስ ነውና አሁኑኑ ይሁን ብሎ ወደ ሳፋው ሄደ፤ ሙዳሲርም ድንጋዩን ሊያነሣለት ተከተለው።

ባቢከር ቀደማቸው። በዚያ ዕድሜው እንዴት እንደቀደማቸው ኢንዓም እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገና የተደፋው ሳፋ ላይ ቁጭ አለ። ከሥሩ ያ የዘይት ድምፅ ጀመረ። ብረቱ ድምፁን አጎላው፤ ሥራ ላይ የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ ቀና አሉ። አንዱ የውሃ መሳቢያውን ሞተር አጠፋ።

«እስክትሰሙኝ ከዚህ አልነሣም» አለ ባቢከር። ከሰዎቹ ገሚሱ በርታ ስላልሆነ የተናገረው በአማርኛ ነው። «እኔ አረብኛ ሙሉ አላውቅም። የማውቀው የደማዚን አረብኛ ነው፤ ሰሊጥ ሳጭድ የተማርኩት። ቴሌቪዥን የሚያወራው ሌላ ነው፣ የመጽሐፍ ነው። ከሦስት ቃል ሁለት ይገባኛል። አንዱን እኔ ነኝ የምጨምረው። ሐሙስ ደግሞ መብራት ሄደ። ግማሹን ሳላይ ነው ለዚህ ልጅ የነገርኩት። ሕፃን ልጅ ይይዘዋል ያለው ቴሌቪዥን አይደለም። እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ሙዳሲር ፊቱ ተለወጠ፤ የደነገጠው ስለ እባቡ ይሁን ስለ ሽማግሌው መለየት ያስቸግር ነበር። ቀድማ የጠየቀችው ኢንዓም ናት። ሙዳሲር ስለ ፊልሞቹ የነገራትን ሁሉ ታስታውሳለች።

«አዞውስ? ልጆቹን በአፉ የሚሸከመው?»

«እሱ እውነት ነው» አለ ባቢከር። «እሱን እስከ መጨረሻው አይቻለሁ።»

ከዚያ ምን እንደሚደረግ ያዘዘ ባቢከር ራሱ ነው። ሁሉንም ከሳፋው አራቀ። የሁለት ሰው ቁመት ያለው ሽመል አስመጣና ጫፉን ከሳፋው ከንፈር ሥር አስገብቶ ለሙዳሲር ሰጠው፤ ገቢሳን ደግሞ የአካፋ እጀታ ወደፊት ዘርግቶ በሩቁ እንዲቆም አደረገው። እሱም ከሳፋው ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደ። ሙዳሲር ሽመሉን ጫነ፤ ሳፋው ተገለበጠ።

እባቡ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጎኑ ሳያቋርጥ ይፋተጋል። ገቢሳ እጀታውን አስጠጋለት። ጭንቅላቱ ሲሄድ ማንም አላየውም፤ እንጨቱ ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ወዲያው ደገመው። ገቢሳ አካፋውን አዙሮ በብረቱ መታው። ከሞተም በኋላ ሁለት ጊዜ መታው። ከዚያ እጀታውን ወደ ብርሃን አዞሩት። የጣት ስፋት ያህል ተራርቀው ሁለት እርጥብ ነጥቦች አሉ፤ ወረድ ብሎ ደግሞ ሌሎች ሁለት። ቢጫ ፈሳሽ በእንጨቱ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ገቢሳ አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠና ራቅ ብሎ ሄዶ ተቀመጠ። ምሳ ሲቀርብ አልበላም።

«ትናንት የያዝኩትስ?» አለ ሙዳሲር። «ያ የትኛው ነበር?»

ባቢከር፣ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ከዚያ በፊት ከእሱ ያልሰማውን ቃል መለሰለት። «አላውቅም» አለው። «እንቁላል በሊው ሊሆን ይችላል። ወይም ገዳዩ ሆኖ አላህ ብቻ ያዳነህ ሊሆን ይችላል። አላውቅም ልጄ።»

ሙዳሲር ወደ ውሃው ወረደና ቀኝ እጁን በአሸዋ እያሸ ታጠበ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ሽማግሌውን ሞተር ሳይክሉ ድረስ ሸኘው፤ ሲሰናበተውም እንደ ወትሮው ትከሻውን ሳመው። ጉድጓዱን በዚያው ሳምንት ድንጋዩን በሽመል እያገላበጡ፣ ረጅም ቦት ጫማ ተውሰው፣ እየተፈራረቁ መሥራት ጀመሩ። ሥራው ዘገየ። አሥራ አራት የነበሩት ሰዎች ዘጠኝ ሆኑ።

ባቢከር ሲመለስ ከታምሩ ጎን ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ የሚያደርገው ሥራ ነበረው። ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ የተናገረውን ሁሉ እያስታወሰ፣ ከቴሌቪዥን የሰማውን በአንድ በኩል፣ ራሱ የጨመረውን በሌላ በኩል ለየ። ራሱ የጨመረው ወገን ከጠበቀው በላይ ረዘመ።

ሐሙስ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ነበር። ሻይ ቤቱ እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ገሚሱ የመጣው ፊልሙን ሳይሆን ባቢከርን ሊያይ ነው። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ማስታወቂያ ያሳያል። ባቢከር የወትሮው ቦታው ላይ ቆመና ለቆፋሪዎቹ የነገራቸውን ደግሞ ነገራቸው፤ አላሳጠረውም። ከዚያ እያንዳንዱን ጀመረ። ዘንዶ ነፍሰ ጡር ሴት አይነካም ያለው የራሱ ነው። አርጃኖ ሲያረጅ አዞ ይሆናል ያለው ከአጎቱ የሰማው ነው። ጉርጥ የነካው ሰው ኪንታሮት አይወጣበትም ያለው የቴሌቪዥን ነው፤ ይህ ይቆይ። ኤሊ ሦስት መቶ ዓመት ትኖራለች ያለው የራሱ ነው።

«ኧረ ኤሊዋን እንኳ ተውልን» አለ ሀብቱ።

ቤቱ ሳቀ፤ ባቢከር ግን አልሳቀም። ከበሩ አካባቢ አንድ ገበሬ ተነሥቶ፣ በእሱ ቃል ስንት እባብ ሳይገድል እንዳለፈ፣ ልጆቹን ምን ብሎ እንዳስተማረ በምሬት ተናገረ። ባቢከር እስኪጨርስ ሰማው፤ ከዚያ ጥፋቱ የራሱ መሆኑንና፣ ልጆቹን ከቤት አምጥቶለት ራሱ ቢነግራቸው እንደሚወድ ነገረው። ገበሬው አሰበበትና እሑድ እልካቸዋለሁ አለ። ሳሊማ ስለ እስስቱ ጠየቀች። እስስቱን እስከ መጨረሻው እንዳየው፣ መርዝ እንደሌለው በግልጽ ቃል እንደሰማ ነገራት። እሷም የሚበቃትን ሰምታ ወደ ማንጎዋ ተመለሰች።

የፊልሙ ሙዚቃ ጀመረ። ሰዉ የባቢከርን ሽመል ይጠብቃል። እሱ ግን ሽመሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ከፊት ያለውን ወንበር ከቴሌቪዥኑ ክንድ እስኪቀር አስጠግቶ ተቀመጠ። ከዛሬ ጀምሮ ፊልሙ ሳያልቅ አንድ ቃል እንደማይናገር፣ ሲያልቅ የገባውን እንደሚነግራቸው፣ ያልገባውንም ለይቶ እንደሚነግራቸው አስታወቀ። መሃሉ ላይ መብራት ከሄደ ለቅዳሜው ድጋሚ መጠበቅ ነው። ውድነሽ፣ «ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ አረብኛ ሊሰሙ ነው? ገበያዬን ልትዘጋው ነው እኮ ጋሽዬ» አለችው። ጥቂቶች ሻያቸውን ጨልጠው ወጡ፤ ከነሱም ኋላ ሌሎች ወጡ። የቀሩት አሥራ አንድ ነበሩ።

የዚያን ዕለቱ እንቁራሪት ነው። ኩሬው ደረቀ፤ መሬቱ ተሰነጠቀ፤ አንዲት ወፍራም እንቁራሪት በኋላ እግሮቿ ጭቃውን እየቆፈረች ወደ ውስጥ ሰመጠች። አፈሩ ከላይዋ ተዘጋ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ደረቅ መሬት ብቻ ታየ፤ ተናጋሪው ያወራል፣ ነፋስ ይነፍሳል። ሀብቱ በወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ወደ ባቢከር ጎንበስ ብሎ፣ «ሞተች ወይስ ተኛች? ይህቺን ብቻ ንገረኝ፣ ለሌላው አልናገርም» አለው።

ባቢከር ዐይኑን ከመሬቱ ላይ አላነሣም። እጁን አንሥቶ ሀብቱን ዝም አሰኘውና ጆሮውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋ።